ተተኪው እስኪመጣ

ምዕራብ ዓባያ ሳስተምር የትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር እኔ ብቻ ነበርኩ። እጮኛዬ ደብረ ማርቆስ ነበረች፤ ዝውውሬም ወደዚያው ተፈቅዶልኛል። ዳይሬክተሩ ግን ተተኪ መጥቶ ሳይረከበኝ አይለቁኝም። ሰርጋችን ሁለት ጊዜ ተላልፏል፤ አባቷ ሦስተኛውን እንደማይታገሡ አስታውቀዋል።

በዚያ ሰሞን ስለ ጠፈር ጣቢያ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ክንፍ ያለው በርሜል ሣልኩ።

«ይህ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ምድርን ይዞራል። ክንፎቹ ከፀሐይ መብራት ያመነጫሉ። ሰዎቹ ክብደት በማይሰማበት ቦታ ሰውነት ምን እንደሚሆን፣ ዘር እንዴት እንደሚበቅል ያጠናሉ። የእኛን ሐይቅም ከላይ ያዩታል።»

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሲሰለቻቸውስ?»

«መመለሻ መንኮራኩር አላቸው፤ ግን ጣቢያውን ባዶ ጥለው አይሄዱም። ተተኪዎች ሲመጡ የሚያስቸግረውን ሁሉ አስረድተው ያስረክባሉ፤ ከዚያ ይወርዳሉ።»

«እንደ ቲቸር ማለት ነው!» አለ ሌላው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ተተኪው አንድ ማክሰኞ ከአውቶብስ ወረደ። ሻንጣውን ተቀብዬ ቤቴ አስቀመጥኩና ርክክቡን በሥርዓቱ ጀመርኩ፦ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ቀጥሎ የጉድጓዱን ውሃ፣ ከዚያ አጎበሩ በየት በኩል እንደተቀደደ፣ አዞ በየትኛው ዳርቻ እንደሚወጣ፣ ደመወዝ ለምን እንደሚዘገይ። ምንም አልዘለልኩም።

«ወባው በየዓመቱ ነው?» አለኝ።

«በዓመት ሁለት ጊዜ» ብዬ አረምኩት።

ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ዘመድ እንዳለው፣ ጠይቆት ጠዋት እንደሚመለስ ነገረኝ። ሻንጣውን ለምን እንደያዘ አልጠየቅሁም። በዚያው ቀረ።

ዳይሬክተሩ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ልጅ፣ አስረከብክ ወይስ አባረርክ?»

ክፍል ስገባ ያቺው ልጅ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ተተኪው ደርሶ ቢመለስስ?»

ማንም አልሳቀም። ጠመኔዬን አነሣሁ። «ጣቢያው ላይ የሚቆይ ሰው በየቀኑ ስፖርት ይሠራል። ያለዚያ የሚመለስ ቀን እግሩ አይሸከመውም» አልኩ።

ለእጮኛዬ ስጽፍ ግን ማስረዳት አቃተኝ። «ገና ነኝ» ብቻ ብዬ ፖስታውን ለሾፌሩ ልሰጥ እስከ አውቶብሱ ማቆሚያ በእግሬ ሄድኩ። በማግሥቱም ሄድኩ፤ የምልከው ነገር ሳይኖረኝ፣ ለእግሬ ብዬ።