ልጄ ነው የሚያደርግልኝ

እናቴ ውሸት አታውቅም ብል ራሴ እዋሻለሁ። ታውቃለች፤ ግን የምትዋሸው ለእኔ ስትል ብቻ ነው። ከእነዚያ ውሸቶች አንዱ የኢንሹራንስ ድጋፍ አስከለከላት፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አላረምኳትም።

ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በስደት በምንኖርበት በዚህ አገር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቫን መጥቶ፣ በመንገዱ ያለውን በሽተኛ ሁሉ ሲለቃቅም ቆይቶ፣ እጥበት ማዕከል ያደርሳታል። አራት ሰዓት ማሽን ላይ ትቆያለች። ስትመለስ የደም ግፊቷ ወርዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን ለመድረስ ደረጃው ላይ ሁለቴ ትቀመጣለች። ሐኪሟ ልቧ ይህን ለረጅም ጊዜ እንደማይችለው ነገረን። ደሟ ቤት ውስጥ፣ በዝግታ፣ ግን ደጋግሞ ቢታጠብላት ይሻላታል አለ። ለዚያ ግን መርፌውን የሚሰካና ማሽኑን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ማንም ሳይጠይቀኝ "እኔ አለሁ" አልኩ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አምስት ሳምንት ሠለጠንኩ። መጀመሪያ በፕላስቲክ ክንድ ላይ፣ ከዚያ ነርሷ አጠገቤ ቆማ በእናቴ ክንድ ላይ መርፌ ሰካሁ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ እናቴ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

ቤት በጀመርን በሦስተኛው ቀን መርፌው ወለቀ። ደሙ ቀሚሷ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ ማሽኑ ይጮኻል። ማድረግ ያለብኝን በደንብ አውቀው ነበር፤ ክንዷን በጎዝ ጨርቅ መጫን፣ ከዚያ ለማዕከሉ መደወል። እኔ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ታች ወርጄ መኪናዬን ተደግፌ ቆምኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልናገርም። ስመለስ እናቴ ክንዷን በሌላው እጇ ጨምቃ ይዛ ተቀምጣለች። ደሙ ቆሟል። "አይዞህ" አለችኝ፤ እኔን።

በማግስቱ ቫኑ መጥቶ ወሰዳት፤ የቤቱ እጥበት በዚያው ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኟት ሁሉ ግን "ልጄ ነው ቤት የሚያደርግልኝ" ማለቷን አልተወችም። አንድ ቀን ቼሪ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ስገዛ፣ አንዲት ባልቴት አገላብጠው ስመውኝ፣ "እናትህን እንደጦርክ ልጆችህ ይጡሩህ" ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

የበሽተኞችን ጉዳይ የምትከታተለው የማዕከሉ ሶሻል ወርከር ናት መፍትሔ ያመጣችው። ቤት ውስጥ እጥበቱን የሚያደርግ ሰው ከሌለ፣ ባለሙያ ቤት ድረስ እየመጣ እንዲሠራላት ኢንሹራንሱ ሊከፍል ይችላል አለችን። መጀመሪያ የኢንሹራንሱ ነርስ በስልክ ትጠይቃለች። ቤተሰብ ማስተርጎም አይፈቀድለትም፤ አስተርጓሚ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው።

እናቴን ቀድሜ አስጠናኋት። "ነገ ኮል ያደርጋሉ። የሚረዳኝ ሰው የለም በያቸው። እንደዛ ካላልሽ አፕሩቭ አያደርጉም፣ አይከፍሉም፣ ኦኬ?"

"እሺ፣ ገብቶኛል" አለች።

ለፈረንጇ ነርስ ብቻ ቢሆን ትለው ነበር። አስተርጓሚዋ የኛው አገር ሰው እንደምትሆን ግን ሁለታችንም አላሰብንበትም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩት።

"እንደምን አደሩ እማማ" አለች አስተርጓሚዋ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። "ቤት ውስጥ እጥበቱን ሊያደርግልዎት የሚችል ሰው አለ ወይ? ይላሉ ነርሷ።"

እናቴ አየችኝ። ሴትየዋ የምታያት ይመስል ነጠላዋን አስተካከለች።

"አለ እንጂ ልጄ! ወንድ ልጄ አለ። ተምሮ፣ ወረቀት ይዞ፣ እሱ ነው የሚያደርግልኝ። እጁ የሐኪም እጅ ነው።"

አስተርጓሚዋ አንዲት ቃል ሳትጥል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ከዚያ፣ ሥራዋ ባይፈቅድላትም፣ በአማርኛ "እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ" አለች።

እንግሊዝኛ አላነሰኝም። "እውነት አይደለም፣ ትቻት ሮጫለሁ" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ግን ያቺ ሴት ልትሰማኝ ነው። መልኳን የማላውቃት፣ መንገድ ላይ ባገኛት የማልለያት ሴት እንዳትንቀኝ ብዬ "አመሰግናለሁ" አልኩ።

መልሱ በደብዳቤ መጣ። ቤት ውስጥ የሠለጠነ የቤተሰብ አባል ስላለ አንከፍልም ይላል። ለእናቴ "እንዲህ ያለ ነገር አይሸፍኑም" ብዬ ነገርኳት። አመነችኝ። ሁለት ወር ተጨማሪ በቫን ተመላለሰች፤ አንድ ቀን ስትመለስ ቫኑ ውስጥ መቀመጫዋ ላይ ራሷን ሳተች።

ከዚያ በኋላ ሶሻል ወርከሯ በአስተርጓሚ እውነቱን ነገረቻት። እናቴ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ለካ በገዛ አፌ ነው የተከለከልኩት። ለምን አልነገርከኝም?"

አፈርኩ፤ ማፈሬን ለመናገር እንኳ አፈርኩ።

"እንደገና ጠይቃልኛለች" አለች። "ነገ ይደውላሉ። አንተ ሥራህ ሂድ።"

በማግስቱ የሄድኩ መስዬ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። በሩ ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። አሁን አስተርጓሚው ወንድ ነው።

"ልጄማ ይችል ነበር" ትላለች እናቴ። "እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ገላዬን ልጄ እንዲያይብኝ አልፈልግም፤ አፍራለሁ። እግሬ ላይ ወድቆ ለምኖኛል። ያስቸገርኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ብለህ ጻፍልኝ።"

ለምኛት አላውቅም። ደረጃውን ድምፅ ሳላሰማ ወረድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። እንዳነብላት ሰጠችኝ። የሠለጠነው ልጅ ፈቃደኛ ቢሆንም ሕመምተኛዋ የእሱን እርዳታ ስላልተቀበሉ ለባለሙያ እንዲከፈል ተፈቅዷል ይላል።

"ምን አሉ?"

"ፈቅደዋል።"

"ምክንያቱን አልጻፉም?"

"አልጻፉም።"

"ጥሩ" አለች፤ ፊቴን ትንሽ አየችና ዓይኗን መለሰች።

ባለሙያዋ ሰኞ መጣች፤ ረጋ ያለች ሴት ናት። ማሽኑን አዘጋጅታ ጓንቷን ካደረገች በኋላ፣ ጎዙን እንዳቀብላት ጠራችኝ። እናቴ ቀደመችኝ። በምታውቃት እንግሊዝኛ፣ ሥራ አለበት ለማለት፣ "ሂ ወርክ፣ ሂ ወርክ" አለቻትና በነፃ እጇ በሩን አሳየችኝ። የዕረፍት ቀኔ ነበር። ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።