ከማሩ በፊት ሰላምታ

እድላዊት መቱ ከተማ ውስጥ ድረ ገጽ ትሠራለች፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረባትም። በአቅራቢያዋ ባለችው በሁሩሙ ከተማ ለሚኖሩት ማር ነጋዴ ለጋሼ ዲንቃ ገጽ ስትሠራ፣ ሰው ጎግል ላይ ሲፈልጋቸው ከስማቸው ሥር የሚወጣውን አጭር መግለጫ ራሳቸው የሚጽፉበትን ቦታ አበጀችላቸው።

በሳምንቱ ብታይ፣ «እንዴት ከረማችሁ? ልጆች ደህና? ከብቶቹስ?» ይላል። ጎግል የሚያሳየው ጥቂት ቃል ብቻ ስለሆነ ማሩ ሳይነሣ ቦታው አለቀ።

ደወለችላቸው። «ጋሼ፣ ስለ ማሩ ይጻፉ እንጂ።»

«ሰላም ሳይሉ ማር ግዙኝ ይባላል እንዴ፣ ልጄ?»

እየተነጫነጨች ራሷ ልታስተካክለው ስትቀመጥ ጋሼ ዲንቃ መልሰው ደወሉ። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት አሁን ደውላላቸው ነበር፤ ያለችውን ነገሯት፦ «ሁላችንም ደህና ነን፤ ከብት ግን የለንም። ማር ይኖርዎታል?»