በአንድ እጅ የሚከፈት በር

ሐርጌሳ ውስጥ በያጅ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እንደ እኚያ ሴትዮ ያንገበገበኝ ደንበኛ የለም። ሐጂያ ነበር የምንላቸው። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛውን ከእኔ ከወሎዬው አስበልጠው ይናገሩታል፤ ሲቆጡ ደግሞ «አቦ!» ጣል ያደርጉበታል። ዕድሜያቸው ሰባን ቢዘልም ትንሿን ነጭ መኪናቸውን የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ወዳለው ወርክሾፓችን ሲመጡ ክላክሱን ከመንገዱ ጫፍ ጀምረው ያንጫርሩታል። ያን ጊዜ የሥራ ጓደኛዬ፣ «መጡልህ የነፍስ አባትህ» ይለኛል።

ወርክሾፑን የያዝነው እኔና እሱ በሽርክና ነበር። እኔ ከወሎ፣ እሱ ከትግራይ። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የሁለታችንም አገር ስልክ ተቋርጧል። እኔ እናቴ የት እንዳለች አላውቅም፤ እሱ ሚስቱና ልጁ የት እንዳሉ አያውቅም። ሼክ ኑር ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል አብረን እየበላን፣ አብረን እያደርን፣ ስለ ጦርነቱ ግን ትንፍሽ አንልም። ሆድ ይፍጀው ብለን ትተነዋል። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ስልኩን ነው፤ እኔም እንደዚያው። አይቶ መልሶ ሲያስቀምጠው ምን ተገኘ ብዬ አልጠይቀውም፤ እሱም አይጠይቀኝም። በኋላ የሁለታችንም ሰዎች በሕይወት ተገኝተዋል፣ ተመስገን። ይሄ የማወራው ግን ምንም በማናውቅበት ጊዜ የሆነ ነው።

ሐጂያ የመጡት ወደ ላይ የሚከፈት የጋራዥ በር ለማሠራት ነበር። በርበራ፣ ባሕሩ አጠገብ ቤት እየሠሩ ነው። የሐርጌሳ ብርድ ደረታቸውን ክፉኛ ስለጎዳው ያለፈው ዓመት ሆስፒታል አስተኝቷቸዋል፤ ሐኪማቸውም «ብርዱ ሲበረታ እዚህ እንዳላይዎት፣ ቆላ ይውረዱ» ብሏቸዋል። ባሕር ማዶ የሚኖረው መሐንዲስ ልጃቸው በበኩሉ የእናቱ ጉልበት ያሳስበዋል። ከመኪና ሳይወርዱ በሪሞት የሚከፍቱት፣ ሞተር ያለው በር ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ስደት ላይ ጅጅጋ ስለተማረ እሱም አማርኛ ይችላል። እናም ሞተሩን እንድመርጥ፣ በሩን እንድሠራ፣ በሁለት በኩል ታዘዝኩ።

ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። በርበራን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ የመጋዘን ጣሪያ ስበይድ ከርሜበታለሁ። አየሩ እርጥብ ነው፣ እርጥበቱም ጨው አለበት። ዛሬ የበየድከው ብረት ሳምንት ሳይቆይ ቀይ ዝገት ያወጣል፤ ያሰጣኸው ሸሚዝ ሲመሽም እርጥብ ነው። ስለዚህ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው እርጥበቱ ብቻ ነው። ዋሄን ገበያ ዳር ያሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ከሐጂያ ጋር በእግር ዞርናቸው። በሩን በሰንሰለት የሚስበው ሞተር ጉልበተኛ ነው፤ ግን ሰንሰለት በርበራ ላይ ይዝጋል፣ ግሪስ ስትቀባው ደግሞ አሸዋ ይሰበስባል። በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ ማለት ነው፣ የሚስበው ይሻላል። ሆዱ እርጥበት እንዳያስገባ ተደርጎ የታሸገ ከተገኘ ደግሞ አበቃ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? እሱንም አገኘን።

ሻጩ ሞተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ በሪሞት አንቀሳቀሰው። ሐጂያ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉኝ።

«ባትሪ አለው ሐጂያ።»

«ባትሪው ሲያልቅስ?»

«ይቺን ገመድ ያያሉ? ሲጎትቷት በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። ከዚያ በእጅ ነው።»

«በስንት እጅ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። «ሰው ያለው ሁለት እጅ አይደል እንዴ?»

«እኔ የምፈልገው በአንድ እጅ የሚከፈት ነው» አሉና ሪሞቱን ለሻጩ መለሱለት። ባዶ እጃችንን ወጣን።

ሌላም ሱቅ፣ ሌላም ቀን ጥያቄያቸው ያው ነው። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩን ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። እኔ ደግሞ በባሕርዬ ቶሎ እበግናለሁ፤ በዚያ ላይ የእናቴ ነገር እንቅልፍ አሳጥቶኝ ነበር። ለልጃቸው በዋትስአፕ ድምፅ ላኩለት፤ «እናትህ ከበር ጋር የተጣሉ ይመስለኛል፣ አስታርቀን» አልኩት። እሱም፣ «ወንድሜ፣ ጥሩውን ሞተር ግዛና ሥራው። በእጅ መክፈት የሚባል ነገር አይገጥማትም» ብሎ መለሰልኝ። ገላገለኝ አልኩ። ባለ ቺንጋውን ገዛሁ።

በሩን ስሠራ ታዲያ በለመድኩት መንገድ ሠራሁት። እኛ አገር የበር ክብሩ ክብደቱ ነው። ሲዘጋ ድም ብሎ ጎረቤት ካልሰማ ባለቤቱ የተታለለ ይመስለዋል። ሐርጌሳም በጦርነት ያለፈ ከተማ ነውና ሰዉ ወፍራም ብረት ይወዳል። ወፍራም ላሜራ በወፍራም ቱቦላሬ ላይ በየድኩ፤ የሚያነሳው ሞተር ነው፣ እኔ ምን ገደደኝ! ሐጂያ ሳያዩት መኪና ላይ እንዳይጫን ስላሉ ፍሬሙን ግቢያችን መሃል አቁመን በሩን ሰቀልንበት። ሪሞቱን ስጫነው ያ ሁሉ ብረት እንደ መጋረጃ ቀልሎ ወደ ላይ ወጣ። በራሴ ኮራሁ።

ሐጂያ መጡ። በሩ በሪሞት ሲወጣ ሲወርድ ዝም ብለው አዩና፣ «አሁን ሞተሩን ንቀለው» አሉ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ገመዷን ጎተቱ፣ ከዚያ እጀታውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ሳቡ። በሩ ፍንክች አላለም። በሁለት እጃቸው ያዙት። እያቃሰቱ ጉልበታቸው ድረስ አነሱትና አቃታቸው፣ ለቀቁት። ሲወድቅ የቆምንበት መሬት ነዘረን።

«እዚህ ቤት አልገባም» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ሐጂያ፣ እርስዎ እኮ ደረትዎን ያመዎታል! ብርዱ ደርሷል። ለአንድ በር ብለው እዚህ ሊሞቱ ነው? መብራት ቢጠፋ ጎረቤት ይጠራሉ፣ ምን ችግር አለው?»

አልተቆጡኝም። ብረት የምንቆርጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡና እያሳሉ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ነገሩኝ።

«የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ይሄን ከተማ የራሳችን መንግሥት በአውሮፕላን ሲደበድብ እኔ ጉልበቴ ያልደከመ ሴት ነበርኩ። ቤት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ ወገቧ ተይዞ አትራመድም። ሰዉ ከሚሸሽበት መንገድ ላደርሳት ትከሻዬ ላይ አስደግፌ በሩ ድረስ አመጣኋት። የብረት በር ነው፣ የውስጥ መወርወሪያው ከባድ ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። እሱን ላነሳ እናቴን ግንቡ ሥር አስቀመጥኳት። መወርወሪያውን አነሳሁት። ዞር ስል ግንቡ የለም፣ እናቴም የለችም።» ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ተርፌያለሁ። ግን ሁለት እጅ የሚፈልግ በር ያለበት ቤት አላድርም፤ ወላሂ አላድርም። አንዱ እጅ ለበሩ ነው፣ አንዱ እጅ ለሰው ነው።»

እናቴ ፊቴ ላይ መጣች፤ ከዘራዋን ይዛ፣ በሚሸሽ ሰው ግርግር መሃል። ያለ ኀፍረት አለቀስኩ። ጓደኛዬ እኔንም እሳቸውንም አላየንም። ግራይንደሩን አነሳና ያን ስንት ቀን የለፋንበትን በር ከመሃሉ ይቆርጠው ጀመር።

ሐጂያ ከሄዱ በኋላ ለልጃቸው ነገርኩት። እሱም በድምፅ መለሰልኝ። «አያቴ በጦርነቱ መሞቷን ነው የማውቀው። እንዴት እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም። ያለችህን አድርግላት» አለኝ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ሞተር ስመርጥ የከረምኩት በሩ ስንት እንደሚመዝን ሳልጠይቅ ነው። ሞተር የበሩን ክብደት ይደብቀዋል እንጂ አያስቀረውም፤ መብራት የጠፋ ዕለት ክብደቱ ሁሉ አሮጊቷ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አዲሱን በር ከማይዝግ ከስስ አሉሚኒየም ሠራነው። ሚዛኑን የሚጠብቅለት ሞላ ልናደርግለት ነበር፤ ግን ሞላ በበርበራ አየር ዝጎ አንድ ቀን ይበጠሳል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ቧንቧ ውስጥ፣ ከላይ በመዘውር በሚዞር የማይዝግ ሽቦ ከበሩ ጋር የተያያዘ ክብደት አንጠለጠልን፤ በሩ ሲወጣ ክብደቱ ይወርዳል፣ በሩ ሲወርድ ክብደቱ ይወጣል። የትም ብትለቀው እዚያው ይቆማል። የሞተሩን ማላቀቂያ ገመድ አስረዝመን የእንጨት እጀታ አደረግንላት። ሞተሩ ያው ባለ ቺንጋው ሆነ፤ አሁን ሥራው ቀሎለት ድምፁም ብዙ አይሰማም።

ሚዛኑን እያስተካከልን ሳለ ጓደኛዬ ቀና ሳይል፣ «እናትህ መራመድ ትችላለች?» አለኝ። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

«በከዘራ። ቀስ እያለች» አልኩት። «ሚስትህስ ልጁን ታዝለዋለች?»

«ድሮ ነበር። አሁን ከብዷል።»

«ሰው ያግዛታል» አልኩ።

«ላንተም እናት ሰው አይጠፋም» አለና የሚያጠብቀውን ብሎን አጠበቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ስልካችንን ስናይ እንጠያየቅ ጀመር።

ሐጂያ ሲመጡ በሩ እንደ ፊቱ ግቢው መሃል ቆሟል፤ በግራም በቀኝም ግንብ የለው፣ ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ሳይነግሩኝ ሶኬቱን ነቀልኩ። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልሄዱም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ና፣ ክንድህን ትከሻዬ ላይ ጣል።»

ደነገጥኩ። እጄን እንኳ ጨብጠው አያውቁም፤ ሰላም ሲሉኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነው።

«ሐጂያ፣ እኔ እኮ እከብዳለሁ።»

«እሷም ትከብድ ነበር። መቆም አትችልም፣ ወገብህ ተይዟል። ተደገፈኝ።»

ተደገፍኳቸው። መጀመሪያ እንደ ማስመሰል ነበር፤ «አትዋሸኝ አቦ!» ሲሉኝ ክብደቴን ለቀቅኩባቸው። በግራ እጃቸው ወገቤን ያዙ፤ ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በቀኝ እጃቸው ገመዷን ጎተቱ። ከዚያ እጀታውን ይዘው ወደ ላይ ሳቡ። በሩ ወጣ። ከራሳችን በላይ ወጥቶ ቆመ።

በሥሩ አለፍን። አለፍን ብዬ ቀና ልል ስል ወገቤን ጠበቅ አደረጉት። «ገና ነን» አሉ። ግቢውን አቋርጠን ሄድን። ደረታቸው ሲር ሲር ይላል፣ ጓደኛዬ ሊያግዝ ሲጠጋ በዓይናቸው መለሱት። መንገዱ ዳር ስንደርስ ቆሙና ለቀቁኝ። ዞረው በሩን አዩት፣ ከዚያ እግራቸው ሥር ያለውን መንገድ አዩ።

«ያኔ ይሄን ያህል ብቻ ነበር እኮ የቀረን» አሉኝ።