ፌስታል የጠፋበት ገበያ

ሱሉልታ ገበያ ድንችና ጎመን እሸጥ በነበረበት ዘመን "ምላሷ ስለታም ነው" ይሉኝ ነበር። ሐሰት አይደለም። ግን ምክንያት ነበረኝ። ያለችን ላም አንዲት ናት፤ እሷም እርጉዝ ነበረች። ሜዳው ሁሉ ተሸጦ በቆርቆሮ ከታጠረ ወዲህ ለከብት የቀረን ግጦሽ የገበያው ሜዳ ብቻ ነበር። ገበያተኛው ሲበተን ላሞች ይገባሉ። ሣሩ ላይ ግን ከሣሩ የሚበልጥ ፌስታል ተበትኖ ይቀራል። ጨው የተቋጠረበትን ፌስታል ላም ካገኘች ደግሞ አትምርም፤ ከነቋጠሮው ነው የምትሰለቅጠው።

የጎረቤታችን ላም ሆዷ ተነፍቶ ሞተችና ሲከፍቷት የወጣው ፌስታል ትራስ ያክል ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። የእኛዋ ብትሞት ሌላ ላም ከየት ይመጣል? የልጆቼ ጉሮሮ እሷ ላይ ነው።

ስለዚህ ገዢ "ፌስታል ስጪኝ" ሲለኝ፣ "ዘንቢልዎን ምን በላው?" እላለሁ። ገዢውም ፊቱን ቋጥሮ አጠገቤ ወዳለችው ሻጭ ይሄዳል፤ እሷ አንድ ራስ ሽንኩርት ለገዛም ፌስታል ትመርቃለች። ባለቤቴ "አንቺ ገበያ የምትወጪው ጎመን ልትሸጪ ነው ወይስ ጠብ?" ይለኝ ነበር።

ከዚያ አዲስ አበባን ወደ እኛ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር መጣ። ወጣቱ ለተቃውሞ ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ከአዲስ አበባ እንጦጦን ተሻግሮ የሚመጣ መኪና ቀረ። ከቡራዩም ከሰበታም የሚሰማው ያው ነበር። ልጇ የታሰረባት እናት ገበያ መሃል ቆማ ስታለቅስ አብሬያት አልቅሻለሁ። በዚያው ሰሞን ግን ሐጂ ሱቅ ያለው ፌስታል አለቀ። ሐጂ የምንላቸው ገበያው ዳር ትልቅ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ለሻጩ ሁሉ ፌስታል የሚያከፋፍሉት እሳቸው ነበሩ። ደስ አለኝ። ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ እኔ ደስ አለኝ፤ አፍሬም ነበር፣ ግን ደስ አለኝ።

የመጀመሪያውን ገበያ ላየ ጉድ ነው! ሰዉ ባዶ እጁን መምጣት ለምዷል። አንዱ አስተማሪ ቲማቲሙን በጃንጥላው ተሸክሞ ሲሄድ ዝናብ መጣና ራሱን ያስጠልል ወይስ ቲማቲሙን፣ ጨንቆት ቆመ። ሌላው እንቁላል ባርኔጣው ውስጥ አድርጎ፣ ሰላም ሊለው የቀረበውን ሁሉ "አትንኩኝ፣ አትንኩኝ!" እያለ አለፈ። ቅቤ ሻጮቹ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው መጡ፤ ሐጂም ስኳሩን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ። ውሎ ሲያድር ዘንቢሉ ከየቤቱ አቧራው እየተራገፈ ወጣ። ሜዳው ፀዳ። ላሜ ሣር ብቻ ስትግጥ ቆሜ አያት ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ሁሉም "ተመስገን" አለ፤ እኔም ብያለሁ። ግን ከመጀመሪያው አይሱዙ ላይ ጨውና ዘይት ወርዶ ሲያበቃ አንድ ትልቅ የፌስታል እስር ሐጂ በር ላይ ዱብ አለ። ላሜ ልትወልድ ተቃርባለች።

በእኛ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሰው እምቢ ብሎ መመለስ ነውር ነው። በዚያ ሰሞን ሽማግሌዎች በወጣቱና በወታደሩ መሃል የሚገቡት ሣር ይዘው ነበር። እኔም ከመንገዱ ዳር አንድ እፍኝ ነጨሁና ወደ ሐጂ ሱቅ አመራሁ። የረሳሁት ነገር፣ ሣር የያዘ ሰው ያየ ሁሉ "አንድ ነገር ተፈጥሯል" እንደሚል ነው። አንዲት ሴት "ማል ታኤ?" አለች፤ ምን ተፈጠረ ማለቷ ነው። መልሴን ሳትጠብቅ እሷም ነጭታ ተከተለችኝ። ሌላዋም። ዞር ብዬ ሳይ የቅቤ ተራው በሙሉ ሣር ይዞ ከኋላዬ ነው! ሐጂ ይህን ሲያዩ የሱቃቸውን መዝጊያ እየጎተቱ "ያ አላህ! ደግሞ ምን መጣ?" አሉ።

"ማሎ ሐጂ፣ እባክዎን፣ ፌስታሉን አይሽጡብን!" አልኩ ተንበርክኬ።

ሴቶቹ የመጡበትን ጉዳይ ገና ያን ጊዜ መስማታቸው ነው፤ በሳቅ ፈረሱ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

"ሣር የነጨሽው ለፌስታል ነው?"

"ለላሜ ነው።"

"እኔ ባልሸጥ ሌላው ያመጣዋል፣ ልጄ።"

"ሌላው የሚያመጣው እርስዎን አይቶ ነው" አልኩና ሣሩን እግራቸው ሥር አኖርኩት።

ሣሩን አዩት፣ ሴቶቹን አዩ። "ላምሽ እስክትወልድ" አሉ በመጨረሻ። "እስክትወልድ ብቻ! ከዚያ በኋላ እንዳትመጪብኝ።" እስሩን እየገፉ ወደ ጓዳ አስገቡት።

ከዚያ ወዲያ ገበያው በሙሉ የላሜን ምጥ ጠባቂ ሆነ። ዘንቢሉን ረስቶ የመጣ ሁሉ "ይቺ ላም ዛሬም አልወለደችም? ዝሆን ነው እንዴ ያረገዘችው?" ይለኛል። እኔም "ቤት ናት፣ ሄደው ይጠይቋት!" እላለሁ።

ወለደች። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ሴት ጥጃ፤ እናቲቱም በሰላም ተነሳች። እልል አልኩ። ጎረቤት እንገር ቀመሰ፣ ለሐጂም በማሰሮ ላክሁ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የሐጂ ቃል እዚህ ላይ አበቃ። ፌስታሉ ሊወጣ ነው፤ ይቺ ጥጃም ስታድግ የምትግጠው ያንኑ ሜዳ ነው።

በገበያው ቀን የሐጂን በር ላለማየት በሌላ በኩል ዞሬ ቦታዬ ተቀመጥሁ። እሳቸው ግን ራሳቸው መጡ፣ ማሰሮዬን ባዶውን ላለመመለስ ስኳር ጨምረውበት። አንገቴን ደፋሁ። ገዢውም ሻጩም ጆሮውን አቁሟል።

"እንገሩ ይጣፍጣል" አሉ። "ጥጃዋ ሴት ናት አሉ?"

"አዎ፣ ሐጂ።"

"እንግዲያው" አሉ ማሰሮውን እያቀበሉኝ፣ "እሷ ደግሞ እስክትወልድ እንጠብቃለን።"