የእመት ደቂቃ ሁለት ሰዓት

ባልደረቦቿ «እመት ደቂቃ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች። የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት። ሐኪሙ የተቆረጠ ጣት በማይክሮስኮፕ እያየ ሲቀጥል፣ ክንዱን አጥብቆ ደም የሚያግደው በአየር የሚነፋ ቀበቶ፣ ቱርኒኬቱ፣ የሷ ጉዳይ ነው። የታሰረበትን ሰዓት ፕላስተር ላይ ጽፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ክንዱ ራሱ ይጎዳልና ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ጉዱ ይህ አመሏ ቤቷ ድረስ ተከትሏት መግባቱ ነው። ባሏ ሻወር ከገባ፣ በሩን ደብድባ «አስር ደቂቃ!» ካላለች አይሆንላትም።

አንድ ቀን ጠዋት ቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ የተኛው አናጢ ነበር። መጋዝ የቀኝ እጁን አውራ ጣት ቆርጦ ጥሎታል።

«እህቴ፣ ያለሱ መዶሻ መያዝ ቀረብኝ ማለት ነው» አላት ሊያደነዝዙት ሲሉ።

ዶክተሩ ቁጡ ነው። ያንን ከፀጉር የቀጠነ ክር ሲይዝማ ዓለም ይጠፋዋል።

«አምስት ደቂቃ ቀረው፣ ዶክተር!» አለች እመት ደቂቃ ሁለት ሰዓቱ ሊሞላ ሲል።

«ሰማሁ፣ አትነዝንዥኝ።»

«ሁለት ሰዓት ሞላ!»

«አንድ ስፌት ናት የቀረችኝ። አምስት ደቂቃ ጨምሪልኝ።»

ይህን ሰውዬ እንቢ ያለው የለም።

«እኔ ለባሌም ጨምሬ አላውቅ! ልልቀቀው፣ ዶክተር?»

ቀና ብሎ አፈጠጠባት። ከዚያ መርፌውን አስቀመጠ። «ልቀቂው።»

አየሩ ወጣ። ጣቱ ግን እንደነጣ ቀረ። በሞቀ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሸፍነውት ጠበቁ። እመት ደቂቃ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ፈራች።

ጨርቁ ሲገለጥ ጣቱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀልቷል! ደሙ የሚፈስባትን ቀዳዳም ራሱ አሳየ፤ ዶክተሩ የቀረችውን ስፌት እዚያችው ላይ ጣል አደረጋት። ከዚያ ያ ቁጡ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ እንደያዘ በአንድ እግሩ ዘለለ።

እመት ደቂቃ በደስታ ሰክራ በአውቶቡስ የራሷን ፌርማታ አልፋ ሄደች። ቤት ስትደርስ ባሏ ሻወር ውስጥ እያንጎራጎረ ነው። ሶፋው ላይ ተዘርግታ ብቻዋን ትስቅ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ባል አረፋ እንደለበሰ፣ ፎጣ አገልድሞ በድንጋጤ ብቅ አለ።

«አንቺ፣ አመመሽ እንዴ? ምነው ዛሬ ሳትቆጥሪ?»

«አውራ ጣቱ ቀላ!» ብላ ከነአረፋው ተጠመጠመችበት።

የማን ጣት እንደሆነ ያልገባው ባል በትከሻዋ ላይ የራሱን አውራ ጣት አገላብጦ አየና፣ «ይቀላል እንጂ፣ ውሃው እኮ ፍል ነው» አላት።