የመጡበትን የማያውቁ ክቦች

የሥራ ባልደረቦቿ «ባለክቧ» ይሏታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ካልያዘ ያማታል። ለአንድ የዓይን ክሊኒክ፣ ታካሚው ስክሪን እየነካ ራሱን የሚመዘግብበት የቀጠሮ ማሽን ስትሠራም እያንዳንዱን ገጽ ሰሌዳዋ ላይ አንድ ክብ አድርጋ ሣለች፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ደግሞ ከክብ ወደ ክብ የሚወስድ ቀስት። አሥራ ሁለት ክብ፣ ንጹሕ ሥራ። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ጣጣው የመጣው «እርዳታ» ከሚለው ቁልፍ ነው። ሰው ግራ ሲገባው ይነካዋል፤ አንብቦ «ተመለስ» ሲል ግን ወዴት ይመለስ? ክቡ ያለበትን እንጂ የመጣበትን አያውቅም። ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሰዋል፤ የሞላውን ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ለየክቡ የራሱን የእርዳታ ክብ ሣለችለት፤ ሃያ አራት ሆኑ። ቋንቋ መቀየሪያ ሲጨመር አርባ ስምንት። አንዱን ስትጠግን ሌላው ይፈርሳል። ብስጭቷ ለከት አጣ።

«ተይው እባክሽ፣ የመጣበትን የሚያስታውስ ሌላ ዘዴ ፈልጊ» አላት አለቃዋ።

እልኸኛ ናት፤ አሻፈረኝ አለች። ማሽኑ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ሲደርስ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ክቦች እንዳሉ አስገባቻቸው። «እርዳታ የሚነካው ስንት ሰው ነው? እናቴ ከቻለችው ሁሉም ይችለዋል» አለች።

ሰኞ ጠዋት እናቷ ቀጠሮ ልትይዝ ክሊኒኩ መጣች። ምዝገባው አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያመለጠው የሚቀጥለውን ወር ይጠብቃል። የአንድ ዓይኗ ብርሃን ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው። ልጅቷ ከአለቃዋ ጋር ራቅ ብላ ቆመች፤ እናቷ ብቻዋን እንደምትችል ለማሳየት ላትረዳት ምላለች።

እናት በር ላይ ለቆመው ዘበኛ «ልጄ ናት የሠራችው» ብላ ገባች። ስሟን ሞላች። የትውልድ ዘመኗ ላይ ስትደርስ ፊደሉ ደበዘዘባት፤ እርዳታን ነካች፤ ተመለሰች። ማሽኑ «እንኳን ደህና መጡ፤ ስምዎን ያስገቡ» አላት።

«አሁን ነግሬህ የለም እንዴ?» አለችው፣ ሰው እንደምትቆጣ።

እንደገና ሞላች። እንደገና ስሟን ጠየቃት። በሦስተኛው ላይ አራት ሰዓት ሞላና «የዚህ ወር ምዝገባ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ልጅቷ መሐላዋን ረስታ ወደ እናቷ ሮጠች፤ ግን አልደረሰችም።

«ኧረ ይሄን ጉድ የሠራው ማነው?» ብሎ ጮኸ ከኋላ የተሰለፈ ሰውዬ።

እናት ዞር ስትል ዓይኗ ልጇ ላይ አረፈ።

«እኔ እንጃ ወንድሜ» አለች። «እኔው ነኝ ያልቻልኩበት።»