ጠብቆ የሚነበብ ጠባቂ

የአፈሩን ግድብ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀው ሰውዬ ዋና አይችልም። ይህን የሚያውቁት ሚስቱና አንድ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሚስቱ ስለምታውቀው፣ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ አንድ ክፉ ቀን በአንገትጌው ጎትቶ ስላወጣው።

ሌላው ሰው ወደ ሐይቁ የሚመጣው ጀልባ ሊከራይ፣ ፎቶ ሊነሳና ቆዳው እስኪላጥ ፀሐይ ሊሞቅ ነው። እሱ ግን ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ በግድቡ ደረቅ ጎን ቁልቁል ይወርዳል። ከግርጌው ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ በሻይ ብርጭቆ ይቀዳና ወደ ፀሐይ ያነሳዋል። ጥርት ያለ ከሆነ መዝገቡ ላይ «ግድቡ አልቦታል» ብሎ ይጽፋል። የአፈር ግድብ ማላቡ ጤና ነው። ውሃው አፈር ይዞ ከደፈረሰ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነውና ያን ቀን መጻፍ የለም፣ መሮጥ ብቻ። ሚስቱ እንደምትለው፣ እሷን «ጤና አደርሽ?» ካላት አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግድቡን ግን አንድም ማለዳ ሳይጠይቀው ቀርቶ አያውቅም።

ሰፈርተኛው «ግድ አለኝ» ብሎ ነው የሚጠራው። ማንም ሰው «ግድ የለም» ባለው ቁጥር «እኔ ግን ግድ አለኝ» ስለሚል ነው። ምን አስቦ እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ግድብ የሚለው ቃል በምን እንደሚጀምር ልብ ብላችሁ እዩ ይላል።

ባለፈው ዓመት የሐይቁን መዝናኛ የሚመራ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ጭቃ እንኳ አፍሮ መንገድ የሚለቅለት የሚመስል ነጭ ጫማ ያደርጋል። የመጀመሪያ ቀን በግድቡ አናት ላይ ወዲህና ወዲያ ተመላለሰ፤ ላቡን ጠረገና «እዚህ ጥላ የለም» አለ። በሳምንቱ የቀን ሠራተኞች መጡ። ከግድቡ ጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት መስመር ችግኝ ተከሉ፤ ዛፎቹ ሲያድጉ ከሥራቸው ጠረጴዛ ይደረደራል ተባለ። ግድ አለኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ሳያስቀር ነቀላቸው።

ቢሮ ተጠራ።

«አባባ፣ ለአንድ ፍሬ ችግኝ ይህ ሁሉ ጸብ?»

«ልጄ፣ ችግኝ ያድጋል። ሥሩም አብሮት ያድጋል። ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና ቦታው ቧንቧ ሆኖ ይቀራል። ውሃ ቧንቧ ካገኘ ደግሞ ማንንም አያስፈቅድም።»

ይህን ከመጽሐፍ አልነበረም ያገኘው። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ቁጥቋጦ መሀል ተደብቆ ያደገ አንድ ዛፍ ደርቆ ነበር። በሥሩ ቀዳዳ ክንድ የሚያህል ድፍርስ ውሃ ወጣ። ሠላሳ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ ነው ግድቡ የዳነው። ከግድቡ በታች ያለው ሰፈር ያን ጊዜ መቶ ቤት ነበር፤ አሁን ሺህ ሞልቷል። በሦስተኛው ረድፍ፣ ሰማያዊ በር ያለው፣ የገዛ ልጁ ቤት ነው።

«ያ ድሮ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ግድ የለም።»

ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከመተየቢያው ላይ አነሳች፤ የሚመጣውን ታውቃለች።

«እኔ ግን ግድ አለኝ።»

ከዚያ ወዲህ የቀን ሠራተኞቹ ይተክላሉ፣ እሱ ይነቅላል። የነቀለውን መጣል ደግሞ አንጀቱ አልቻለም። እያንዳንዱን ችግኝ ተሸክሞ ሥራ አስኪያጁ መስኮት ሥር ይተክለዋል። ወሬ የሚወዱ ሰዎች እንደሚሉት ዓመት ሳይሞላ ቢሮው ጫካ ዋጠው፤ ሥራ አስኪያጁ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ይሠራ ጀመር፤ ጠረጴዛው ላይም አንዲት ወፍ ጎጆ ሠራች። የወፏን ነገር እኔም አላመንኩም፣ መብራቱ ግን እውነት ነው።

ሰውዬውን ማባረር አልተቻለም። ማኅደሩ ከብርጭቆው ውሃ የጠራ፣ ጡረታውም ሁለት ዓመት የቀረው ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ከግድቡ አውርዶ ዳርቻው ላይ ዋናተኞችን እንዲጠብቅ ሊያዛውረው ወሰነ። ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ቃል በቃል ነገራት። እሷ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ፊደል ብቻ አይበረክትላትም። አንድ ጊዜ «የጀልባ ኪራይ» የሚለውን «የጀልባ ኪሳራ» ብላ ጽፋ፣ ማንም ስህተት መሆኑን ሳያውቅ ዓመት አልፏል። አሁንም «የዋና ጠባቂ» ከሚለው ላይ አንዲት «የ» አመለጠቻት። ደብዳቤው ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ግልባጩ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ። ለሰውዬው ከቀይ ካናቴራና ከፊሽካ ጋር ደረሰው፦ «ከሰኞ ጀምሮ ዋና ጠባቂ ሆነው እንዲሠሩ የተመደቡ መሆኑን እናስታውቃለን።»

ቤቱ ወስዶ ለሚስቱ ሰጣት። አነበበችና ሳቋ አፈናት።

«ዋና ጠባቂ? አንተ? ገላህን ስትታጠብ እንኳ ግድግዳ የምትይዘው ሰውዬ?»

እሱ አልሳቀም። ካናቴራውን ሲያይ ነገሩ ገብቶት ነበር። ከዳርቻው ሆኖ ችግኙ ግድቡ ላይ ሲያድግ ሊያይ ነው። ደብዳቤውን ተቀብሎ እንደገና አነበበው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው ጢሙ ተነቃነቀ።

«አላልተሽ ነው ያነበብሽው።»

«እንዴት ላንብበው ታዲያ?»

«ጠብቆ ነው። ‹ና›ዋን ጫን በያት እስቲ።»

ጫን አለቻት። «ዋንና ጠባቂ» አለች፣ ቀስ ብላ። «አለቃ ማለት ነው?»

«የጠባቂዎች ሁሉ አለቃ።»

«ከአንተ ሌላ ጠባቂ አለ እንዴ?»

«የለም። ለዚህ ነው ሹመቱ የማይከብደኝ።»

ሰኞ ማለዳ የቀን ሠራተኞቹ ሁለት መቶ ችግኝ በመኪና ጭነው ሲመጡ፣ ሰውዬው በቀይ ካናቴራ ግድቡ አናት መሀል ቆሟል። ፊሽካውን ነፋ። አካፋ የያዘው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ነጭ ጫማው እየተቻኮለ መጣ።

«አባባ፣ የእርስዎ ቦታ እኮ ዳርቻው ነው።»

«ደብዳቤህ እንደዚያ አይልም።»

«ላልቶ ነው የሚነበበው።»

«በጽሑፍ ላይ ላልቶ የሚል ምልክት አሳየኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ከጀርባው ያገኝ ይመስል። የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ከኋላ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ጌታዬ፣ ‹የ› የላትም» አለ። «‹የ› ከሌላት ትጠብቃለች።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ችግኙ ከብዶኝ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰውዬው ዞረ፤ ድምፁም «እርስዎ»ውም አብረው ቀነሱ። «ቆይ፣ ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም» አለ ሰውዬው፣ ሁሉም እንዲሰማው። ሠላሳ አንድ ዓመት የደበቀውን ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣው። «ለዚህ ነው ይህ ግድብ እንዲፈርስ የማልፈልገው። እታች ያሉትም አይችሉም። ዛሬ ብታስወጣኝ ነገ በግሌ እመጣለሁ። ለመንቀል ደብዳቤ አያስፈልግም።»

ሠራተኞቹ ችግኙን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ግን መሬት ላይ ሳይሆን መልሰው መኪናው ላይ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ማረሚያ ሊጽፍ ቢሮው ገባ። ጸሐፊዋ ግልባጩ ዋናው መሥሪያ ቤት ስለደረሰ ማረሚያው ምክንያት እንደሚያስፈልገው አስታወሰችው። ቁጭ ብሎ ጀመረ፦ «በግድቡ ላይ ዛፍ ለመትከል ሲባል የግድቡን ጠባቂ ከግድቡ ላይ ያነሳሁ በመሆኑ…» አጥብቆ አነበበው፣ አላልቶ አነበበው። በሁለቱም በኩል አስቀያሚ ነው። ቀደደውና መብራቱን አጠፋ።

ጠረጴዛዎቹ ከቢሮው መስኮት ሥር ካለው ጫካ ውስጥ ተደረደሩ። ለዳርቻው ዓሣ አጥማጁ ተቀጠረ። ጸሐፊዋ በዚህኛው ደብዳቤ እጅግ ተጠንቅቃ «የየዋና ጠባቂ» ብላ ጻፈችለት።

ቀዩን ካናቴራ ግን ግድ አለኝ አልመለሰም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ለመዋኘት የመጣ አንድ ጎረምሳ፣ ካናቴራው ግድቡን ሲሻገር ከሩቅ አይቶ አናቱ ላይ ወጣና ቁልቁል ተጣራ።

«ጋሼ፣ ሐይቁ ጥልቅ ነው?»

ሰውዬው ከግርጌው ሆኖ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንስቷል። ዓይኑን ሳይነቅል መለሰለት።

«እሱን እዚያ ማዶ ያለውን ጠይቅ። እኔ የምጠብቀው በዚህ በኩል ነው።»